ለሰው "አቤት" ማለት የተውኩበት ቀን

ባለፈው እሁድ ጠዋት ቁርሴን ሳልጨርስ ስልኬ ጮኸ። አንድ የእድራችን አባል ነው። "ስማ፣ ዛሬ ስብሰባው ላይ ሳልዘገይ አልቀርም። ጸሐፊው ስም ሲጠራ ለኔም አቤት በልልኝ። አንተ እንደሆንክ የሰው ድምፅ ማስመሰል ታውቅበታለህ" አለኝ። "አልልም" አልኩት። "እንዴ! ምን ነካህ?" "ሌላ የፈለግከውን እዘዘኝ። አጥርህን ልጠር፣ በግህን ልረድ፣ ከፈለግክ ልጅህ ሰርግ ላይ እስክስታ ወርጄ ልዋረድልህ። ለሰው አቤት ማለት ግን ትቻለሁ።" "አንተ ሽማግሌ፣ ጉድ እኮ ነህ" ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ባለቤቴ ከጠረጴዛው ማዶ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። "ምን አለበት አንዲት ቃል ብትወረውርለት? ሳትጠራ ቀኑን ሙሉ የምታወራ ሰው አይደለህ?" አለች። እውነቷን ነው። ምክንያቴንም ታውቀዋለች፤ ሺህ ጊዜ ስለነገርኳት ግን መስማት ካቆመች ቆይታለች። እናንተ ገና ስላልሰለቻችሁ ለናንተ ላውራው።

ያኔ ከተማችን አዋሳ ነበር የምትባለው፤ "ሀ"ዋ ገና አልተመለሰችላትም። ዓመተ ምህረቱን አትጠይቁኝ። ስኳርና ሳሙና በቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን የምንወስድበት፣ ግድግዳው ሁሉ በቀይ ቀለም የሚጮህበት፣ "ጓድ" ያልተባለ ሰው "ምን አጥፍቶ ይሆን?" የሚባልበት ጊዜ ነው። ባጃጅ የሚባል ነገር በህልማችንም አልነበረም። ጋሪ ነበረን። ከፒያሳ እስከ ሐይቅ ዳር በስሙኒ፣ ያውም ነፋሱን፣ የፈረሱን ቃጭልና የባለጋሪውን ወሬ ጨምሮ። ፈረሱ መንገዱን ስለሚያውቀው ባለጋሪው ወደ ኋላ ዞሮ ፊት ለፊት ያጫውትሃል። ዛሬ የባጃጅ ሹፌር ወደ ኋላ ቢዞርብኝ ኑዛዜዬን ነው የምጀምረው። ፒያሳ ጥግ ላይ አንድ የካሴት ሱቅ ነበር፤ ድምፅ ማጉያውን በራፉ ላይ ሰቅሎ ከጠዋት እስከ ማታ የፍቅር ዘፈን ያንቆረቁራል። ካድሬው ብቅ ሲል ታዲያ ባለሱቁ ዘፋኟን መሀል ላይ ያንቃትና የሰልፍ ዘፈን ይለቅቃል፤ ካድሬው ጥጉን ሲታጠፍ ልጅቷ ከመጀመሪያው ትጀምራለች። በዚህ ምክንያት ያንን ዘፈን መጨረሻውን ሰምቼው አላውቅም፤ ፍቅረኛዋ ይመለስ አይመለስ ዛሬም አልገባኝም። የኛ የጎረምሶቹ ሱሪ ከታች በጣም የሰፋ ስለነበር የአዋሳን መንገድ ያለ ደመወዝ እንጠርግ ነበር። ጠጉራችን ደግሞ ወደ ላይም ወደ ጎንም ያደገ። የኔን አሁን ያያችሁ እንደሆነ አታምኑኝም፤ ፎቶ አለኝ።

እሳት አደጋ የገባሁት ጀግና ስለነበርኩ እንዳይመስላችሁ። አስራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ያመጣሁትን ውጤት እናቴ ለጎረቤት የነገረቻቸው በሹክሹክታ ነው። ከዛ አባቴ ማዘጋጃ ቤት የሚያውቀው ሰው ነበረና "ቢያንስ ቦት ጫማ ይሰጡታል" ብሎ አስቀጠረኝ። ቦቱን ሰጡኝ፤ ሁለት ቁጥር ይበልጠኛል። የጎማ ካፖርቱን ሰጡኝ፤ እሱማ ራሱን ችሎ የቆመ ቤት ነበር፣ እኔ ውስጡ ተከራይ። ከነቦቴ፣ ከነካፖርቴ፣ ያውም ውሃ ጠጥቼ፣ ሃምሳ አምስት ኪሎ ነበርኩ። ይባስ ብሎ እሳት እፈራለሁ። ክብሪት ስጭር እንኳን ፊቴን አዞር ነበር። ይህን ለማንም አልነገርኩም፤ ሁሉም ግን ያውቁ ነበር።

ሰባት ነበርን፣ አለቃችንን ጨምሮ። መኪናችን አንዲት ቀይ አሮጊት ነበረች፤ "እማማ" እንላታለን። እማማ ባትሪዋ ስለሞተ ካልተገፋች አትነሳም። ሌላ አገር ቢሆን ቁልቁለት ላይ አቁመህ ትለቃታለህ። አዋሳ ግን እንደ ትሪ የተዘረጋች ከተማ ናት፤ ቁልቁለት ፍለጋ ታቦር ተራራ ድረስ መሄድ ሊኖርብህ ነው። አለቃችን ሃምሳ አለቃ ይመር መጥተው ከነጣቢያው ተረከቡን፤ የወሎ ሰው፣ ወታደር የነበሩ፣ ቀጠን ያሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምተን የማናውቅ ሰው። በመጡ በሳምንታቸው "ቁልቁለት ከሌለን እንሰራለን" አሉን። እኛ ሳቅን። እሳቸው ሸሚዛቸውን አወለቁና አካፋ አንስተው ጣቢያው ግቢ ውስጥ አፈር መቆለል ጀመሩ። አንድም ሰው "ና ቆፍር" አላሉም። ዳር ቆመን አየናቸው፤ መጀመሪያ ቀለድን፣ ቀጥሎ አፈርን፣ በመጨረሻ አካፋ ፍለጋ ሄድን። በአራት ቀን ውስጥ ጉብታዋ አለቀች። ከዛ ቀን ጀምሮ እማማ አፍንጫዋን ወደ በሩ አድርጋ ጉብታዋ ላይ ትቀመጣለች፤ ፍሬኗን ለቀቅ ስናደርጋት እያቃሰተች ትወርድና በሩ ጋ ስትደርስ ትነሳለች። እኛ ደግሞ እየሮጥን እንንጠላጠልባታለን። የእህቴ ልጅ ዛሬ እሳት አደጋ ውስጥ ነው፤ በሆቴል አዳራሽ "ሊደርሺፕ" ሰልጥኖ የወረቀት ቦርሳ ይዞ ሲመጣ "ምን አስተማሩህ?" እለዋለሁ። ያስረዳኛል፤ ደስ ይላል። እኔ ግን በሆዴ ጉብታዋን ነው የማየው።

አለቃ ይመር አንድ አመል ነበረባቸው፤ ስም መጥራት። ስንወጣ መኪናዋ ላይ ይጠራሉ፣ ስንደርስ ይጠራሉ፣ ከእሳቱ ፊሽካ ነፍተው ሲያስወጡን ይጠራሉ። ሰባት ሳይሞላ ቀጣዩ ትእዛዝ አይመጣም። አንድ ጊዜ አንድ ጎጆ ወጥ ቤት ስትቃጠል፣ ያውም በባልዲ የምትጠፋ፣ ሦስቴ ሲጠሩን ትእግስቴ አለቀና "አለቃ፣ የምንቃጠለው እኛ ነን ወይስ ጎጆዋ?" አልኳቸው። ጓደኞቼ ሳቁ። እሳቸውም ፈገግ አሉ። "ምትኩ፣ እሳቱ አንድ ቀን ራሱም ይጠፋል፤ የሚበላው ሲያልቅ። የኔ ስራ ሰባት ሆነን ወጥተን ሰባት ሆነን መመለሳችን ነው" አሉኝ። ከእሳት መልስ ደግሞ ጎማውን፣ ማለቴ የውሃውን ቱቦ፣ አጥቦ ለማድረቅ መጀመሪያ እጃቸውን የሚያስገቡት እሳቸው ናቸው። ሲጨርሱ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ይዘውን ይወርዱና የአሳ ሾርባ በብርጭቆ፣ ጥሬ አሳ በሚያቃጥል ዳጣ ያስቀርቡልናል። ቁራሹን ለማን እንደሚያስቀድሙ ብታዩ፤ ያን ቀን በጣም ለፈራው ሰው። እኔ በዚህ ምክንያት ሁሌም ቀድሜ እበላ ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ረቡዕ ረቡዕ፣ ከስራ መልስ፣ የማዘጋጃ ቤት ሰራተኛ በሙሉ የውይይት ክበብ የሚባል ነገር ነበረበት። ካድሬው መዝገቡን ዘርግቶ ስም ይጠራል፤ የቀረ ሰው ይመዘገባል፤ ሲደጋገም "ለምን ቀረህ?" ይባላል፤ ያ ጥያቄ ደግሞ ወዴት እንደሚወስድ አይታወቅም። አዳራሹ ግን ትልቅ ነው፣ መብራቱ ደካማ ነው፣ ካድሬው ከመዝገቡ ቀና አይልም። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ የሰው ድምፅ መቅዳት እችላለሁ። ቅጽል ስሜ "ራዲዮ" ነበር። እግዜር ትምህርቱን ነፍጎኝ ጉሮሮውን ሰጠኝ። ለታመመው አቤት እላለሁ፣ ሚስቱ ለወለደችለት አቤት እላለሁ። አንድ ረቡዕ ለአራት ሰው አቤት ብዬ የራሴ ስም ሲጠራ ደክሞኝ ዝም ብያለሁ፤ የተመዘገብኩት እኔ።

ቋሚ ደንበኛዬ ዳንጊሶ ነበር። ዳንጊሶ የሲዳማ ልጅ ነው፤ ትከሻው በር የሚያክል፣ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ፣ ከሰባታችን ውስጥ ጎማውን ይዞ ከፊት የሚገባው። እኔ ከኋላው ነኝ፤ እሱ እሳቱን ያያል፣ እኔ የሱን ጀርባ አያለሁ፣ ሁለታችንም ደስተኞች ነን። ዳንጊሶ ጴንጤ ነው፤ በዛ ጊዜ የነሱ ጸሎት ቤቶች ተዘግተው ስለነበር ረቡዕ ማታ በአንድ ሰው ቤት ተሰብስበው፣ በር ዘግተው፣ በሹክሹክታ ይዘምሩ ነበር። ያን የጉድጓድ ድምፅ ይዞ በሹክሹክታ እንዴት እንደሚዘምር ዛሬም ይገርመኛል። "አንተ የዲያቆን የልጅ ልጅ፣ ለጴንጤ አቤት እያልክ ትኮነናለህ" ይለኛል። "አብረን ነዋ! እዛም ስም ሲጠራ ለሁለታችን እላለሁ" እለዋለሁ። ካድሬው "ዳንጊሶ" ሲል እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ደረቴን ነፋ አድርጌ "አቤት!" ወፍራም፣ አጠር ያለ፣ ትንሽ ቆጣ ያለ። አንድ ዓመት ሙሉ። ከጊዜ በኋላ አስቤበት መሆኑ ቀረ፤ ስሙ ሲጠራ ጉሮሮዬ ራሱ መልሱን ይሰጣል።

ቀኑ ሐሙስ ነበር፣ የገበያ ቀን። ምሳ በልተን በእማማ ጥላ ስር ካርታ እንጫወታለን። እኔ እየተሸነፍኩ ነበር፤ ስለዚህ ብስክሌት የሚጋልብ ሰውዬ "እሳት! በርበሬ መጋዘን ተቃጠለ!" እያለ ሲገባ መጀመሪያ የተሰማኝ፣ ይቅር ይበለኝና፣ እፎይታ ነው። እማማን ለቀቅናት፣ ወረደች፣ ተነሳች፣ ተንጠለጠልን። አለቃ ጠሩ፤ ሰባት። ገበያው ጋ ስንደርስ ሰው ሁሉ ያለቅሳል። ሴቱ፣ ወንዱ፣ ሽማግሌው፣ ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ይንሰቀሰቃል። "ስንት ሰው ቢሞት ነው?" ብዬ ቃሬዛ በዓይኔ ፈለግሁ። ለካስ የሞተ ሰው የለም፤ በርበሬው ነው። መጋዘኑ እስከ ጣሪያው ዛላ በርበሬ የተጠቀጠቀበት የቆርቆሮ ቤት ነበር፤ ጭሱ ገበያውን እንዳለ ለቅሶ አስቀምጦታል። የጋሪ ፈረሶች ያስነጥሳሉ፣ አህዮች ያስነጥሳሉ፣ ከዳር ካድሬው መሀረቡን ይዞ "ጓዶች፣ ተረ... ተረ... ሃጢሽ!" ይላል። መሳቅ አማረኝ። ከዛ የመጋዘኑን ጎረቤት አየሁት፤ ላምባ መሸጫ። በርሜሎቹ ከግድግዳው በላይ ይታያሉ። ሳቄ ወዴት እንደሄደ አላውቅም።

አለቃ ዞር ዞር ብለው አዩና እቅዳቸውን በሁለት ቃል ነገሩን። የምንችለውን ያህል ውስጥ ገብተን በላምባው በኩል ያለውን በውሃ እናርሳለን፤ ካልሆነ የመሀል ምሰሶውን በገመድ ከእማማ ጋር አስረን እንጎትተዋለን፤ ጣሪያው እሳቱ ላይ ይወድቅና ያፍነዋል። ገመዱ ታሰረ። ዳንጊሶና እኔ እርጥብ ጨርቅ አፋችን ላይ አስረን ጎማውን ይዘን ገባን። እዛ ውስጥ ያለውን ጭስ እንዴት ልንገራችሁ? በርበሬ ስትቆሉ አንዲት ዛላ ብታርርባችሁ ከቤት አትወጡም? ያንን በአራት መቶ ጆንያ አባዙት። አይኔ ተዘጋ፣ አፍንጫዬ ተዘጋ፣ ጆሮዬ ሳይቀር ያቃጠለኝ መሰለኝ። ወዲያው የአለቃ ፊሽካ ተሰማ፤ ውጡ ማለት ነው። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ፊሽካ ሲነፋ ከኋላ ያለው የፊተኛውን ትከሻ ሁለቴ መትቶ አብረው ይወጣሉ። እኔ መታሁ። ሁለቴ መታሁ። ግን ያ የመታሁት ነገር የዳንጊሶ ትከሻ ይሁን የበርበሬ ጆንያ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጎማውን ለቀቅሁና እንደ ዕውር ግድግዳ እየዳበስኩ ወጣሁ።

ውጭ ሁላችንም አጎንብሰን እንስላለን፣ እናስነጥሳለን፣ አይኑን የገለጠ ሰው የለም። አለቃም አይናቸው በእንባ ተሞልቷል። ስም ጠሩ። አንዱ "አቤት" አለ፣ ሌላው "አቤት" አለ። "ምትኩ!" "አቤት!" "ዳንጊሶ!" ዝም። ግማሽ ሰከንድ። "አቤት!" ወፍራም፣ አጠር ያለ፣ ትንሽ ቆጣ ያለ። "ሰባት!" አሉ አለቃ፤ "እማማን አንቀሳቅሳት!" ሹፌሩ ጋዝ ሰጠ። እኔ አይኔን በእጅጌዬ ጠርጌ ወደ ጎን ዞርኩ፤ "ዳንጊሶ፣ ዛሬ ማታ ወጥ አያስፈልገንም፣ እጃችንን መላስ ነው" ልለው ነበር። የለም። በሌላ በኩል ዞርኩ። የለም። ካፖርቶቹን ቆጠርኳቸው። ከዛ ጉሮሮዬ ላይ አንድ ነገር ተሰማኝ፤ የሌላ ሰው ድምፅ ከወጣ በኋላ የሚቀር መሻከር።

አሁን የምነግራችሁን ለባለቤቴ ራሱ ከተጋባን ከአስር ዓመት በኋላ ነው የነገርኳት። ካድሬው ሁለት ሜትር ላይ ቆሟል። "አቤት ያልኩት እኔ ነኝ" ካልኩ ቀጥሎ የሚመጣው ረቡዕ ነው። ከረቡዕ ቀጥሎ "ዳንጊሶ ረቡዕ ማታ የት ነበር?" ነው። ከዛ የማን ቤት፣ እነማን ነበሩ፣ ምን ትዘምራላችሁ። ይሄ ሁሉ በጭንቅላቴ ውስጥ አለፈ፤ አፌም ተከፍቶ ቀረ። ስንት ጊዜ እንደቆየ አላውቅም። የገመዱን ድምፅ ሰማሁ፤ ልክ ክራር ሲቃኝ እንደሚያደርገው ጥዝዝ ብሎ ተወጠረ። ምሰሶው ሲጥ አለ።

"አቁሙ! ዳንጊሶ ውስጥ ነው! አቤት ያልኩት እኔ ነኝ! እኔ ነኝ!"

አለቃ እጃቸውን አነሱ። እማማ ቆመች። ወደኔ ሲመጡ ጥፊ ጠበቅኩ፤ እንዲያውም ፊቴን አመቻቸሁላቸው። አልመቱኝም። "ለምን" እንኳ አላሉኝም። "የት ላይ ነው የተለያያችሁት?" አሉኝ፣ ልክ መንገድ እንደሚጠይቅ ሰው። "በግራ በኩል... ጆንያው ክምር ጋ..." "ጥራው።" "እ?" "ትልቅ ድምፅ አለህ። ጥራው።" ከዛ ወደ ሹፌሩ ዞረው "ሞተር አጥፋ" አሉ። ሹፌሩ ደነገጠ፤ እማማ ከጠፋች እዚህ ጉብታ የለም፣ አትነሳም። "አጥፋ፤ ገበያው ይገፋታል።" ጠፋች። አለቃ ወደ ሕዝቡ ዞረው ፊሽካቸውን ነፉና ጣታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ያ ሁሉ ገበያ ዝም አለ። የሚሰማው እሳቱና የፈረሶቹ ማስነጠስ ብቻ ነው።

"ዳንጊሶ!" አልኩ። ምንም። "ዳንጊሶ!" ምንም። በሶስተኛው ያለ የሌለ አየሬን አውጥቼ ጠራሁት። ከግራ በኩል፣ ከታች፣ ከመሬት ስር የመጣ የሚመስል፣ ወፍራም፣ በጣም የተቆጣ ድምፅ መለሰ፤

"አቤት!"

በሕይወቴ ብዙ ጥሩ ነገር ሰምቻለሁ። ሴት ልጄ ስትወለድ አልቅሳለች፣ ባለቤቴ "እሺ" ብላኛለች። ያቺ አቤት ግን ሌላ ናት። አለቃ መጥረቢያ ይዘው በግራ ወዳለው የቆርቆሮ ግድግዳ ሮጡ፤ እኛም ተከተልን። ቆርቆሮውን ከታች ቀደው ሲገለብጡት ዳንጊሶ አፍንጫውን መሬቱ ላይ ባለው ክፍተት አውጥቶ፣ አየር እየሳበ፣ እግሩ በጆንያ ተቀብሮ ተኝቷል። አለቃ በደረታቸው ገብተው ጆንያውን አነሱ፣ እኛ በብብቱ ይዘን ጎተትነው። እንደወጣ "ግፉ!" አሉ አለቃ። ገበያው በሙሉ፣ እያለቀሰ፣ እያስነጠሰ፣ ቅቤ ሻጯ ከነቅቤዋ፣ ባለጋሪው ከነአለንጋው፣ እማማን ገፋት። ተነሳች። ገመዱ ተወጠረ፣ ምሰሶው ተሰበረ፣ ጣሪያው እሳቱ ላይ እንደ ክዳን ወደቀ። የላምባው በርሜል እንኳን ሊነድ፣ አልሞቀም።

ዳንጊሶ ፊቱ አብጦ፣ ውሃ እየፈሰሰበት፣ መጀመሪያ የጠየቀው ነገር "ማነው?" ነው። "ማን ነው ዳንጊሶ ነኝ ያለው?" ሁሉም ወደኔ አዩ። "እግሬ ሲያዝ አልፈራሁም" አለ፤ "አለቃ ስም ሳይጠሩ ምንም አያደርጉም። አንድ እንጎድላለን፣ ይመጣሉ ብዬ አፍንጫዬን አውጥቼ ጠበቅሁ። ሲጠሩ ሰማሁ። ስሜ ደረሰ። አሁን ዝም ይላሉ፣ አሁን ያውቃሉ ስል የራሴ ድምፅ ውጭ ሆኖ አቤት አለ! ማጋኖ፣ አምላኬ! በቃ ሞቻለሁ፣ ነፍሴ ቀድማኝ ወጥታ ተሰልፋለች አልኩ። 'እኔ አይደለሁም! እኔ አይደለሁም!' ብዬ ጮህኩ፤ የናንተ እማማ ዋጠችው።" ከዛ በእርጥብ ጓንቱ አንድ ጥፊ አጠጣኝ። ከዛ አቀፈኝ። ከዛ ሁለታችንም በርበሬ ስለነካካን ፊታችን እንደገና ነደደና ውሃ ፍለጋ ሮጥን።

ካድሬው አልረሳም። መሀረቡን ከአፍንጫው ሳያነሳ መጣ። "ጓድ ምትኩ፣ ለሌላ ሰው አቤት ማለት የት ነው የተለማመድከው? ረቡዕ ረቡዕ ጓድ ዳንጊሶ..." አለቃ ይመር ከመሀላችን ገቡ። ግንባራቸው ተጭሯል፣ ሸሚዛቸው ተቀዷል። "ረቡዕ ዳንጊሶ ጣቢያ ተረኛ ነው። እሳት ስብሰባ እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ የመደብኩት እኔ ነኝ። ማሳወቅ ነበረብኝ፣ አላሳወቅሁም። ጥፋቱ የኔ ነው።" ካድሬው መዝገቡን ከፈተ፣ አንድ ነገር ሊጽፍ አሰበ፣ ሦስት ጊዜ አስነጠሰበት፣ ዘጋው። "ረቡዕ ግለ ሂስ ታደርጋላችሁ" ብሎ ሄደ።

ግለ ሂስ ማለት ሰው ፊት ቆመህ ጥፋትህን መናዘዝ ነው። እኔ አምስት ገጽ ጽፌ ተዘጋጀሁ፤ አንዳንዱ ቦታ በደንብ ያስቅ ነበር። ግን ረቡዕ ሲደርስ ቀድመው የተነሱት አለቃ ናቸው። "ድምፅ ሰምቼ ፊት ሳላይ ሰው ቆጠርኩ። አለቃ ሆኖ እንዲህ የሚቆጥር ሰው ጥፋተኛ ነው" አሉና ተቀመጡ። እኔ ስነሳ አምስቱን ገጽ ኪሴ ውስጥ አጣጥፌ "እኔም ነኝ" ብቻ አልኩ። በሕይወቴ ያደረግሁት አጭሩ ንግግር ነው፤ ባለቤቴ እዛ አለመኖሯ ያሳዝናታል።

በማግስቱ ጣቢያ ጉብታዋ ላይ ሰበሰቡን። "ሌላ ቦታ የምትሉትን አልሰማሁም" አሉ፤ ረቡዕ የት እንደሚኬድ ድሮም ያውቁ እንደነበር ያኔ ገባኝ። "እኔ ስጠራ ግን አትዋሹኝ። ከዛሬ ጀምሮ በድምፅ አንቆጥርም፤ በእጅ ነው፤ እያንዳንዱን ሰው ራሱን ነክቶ። የሚቆጥረው ደግሞ ምትኩ ነው።" ጓደኞቼ ጉድ አሉ። እኔም "አለቃ፣ ከሰባታችን እኔን?" አልኩ። "ባለፈው ሐሙስ አንተ የፈራኸውን ፍርሃት እዚህ ማንም አልፈራውም" አሉኝ። "ስለዚህ አንተ ቁጠር።" ቆጠርኩ። እሳት የሚፈራው፣ ካፖርቱ የሚበልጠው ልጅ፣ ከያንዳንዱ እሳት በኋላ ስድስት የሰው ራስ ዳብሼ የራሴን ደረት መትቼ "ሰባት" እል ነበር። ከዛ ወዲህ ማንም አልጎደለብንም። ዳንጊሶም ረቡዕ "ተረኛ" ሆኖ እስከ መጨረሻው በሹክሹክታ ዘመረ። አለቃ ይመር ከብዙ ዓመት በኋላ በእርጅና፣ አልጋቸው ላይ፣ ልጆቻቸው ከበዋቸው አረፉ። እኔና ዳንጊሶ ከመሸኘታቸው በፊት ገብተን ራሳቸውን በእጃችን ነካን። ልጆቻቸው በረከት የምንቀበል መሰላቸው።

እና እሁድ እለት እድር ሄድኩ። ጸሐፊው መነጽሩን አስተካክሎ ስም መጥራት ጀመረ። ጠዋት የደወለልኝ ሰውዬ ስም ሲቃረብ ጉሮሮዬ መዘጋጀት ጀመረ፤ ይህን ያህል ዓመት ቆይቶም አልረሳውም! መዳፌን አፌ ላይ ጫንኩ። "አቶ ዳንጊሶ!" አለ ጸሐፊው። አዎ፣ እሱ ነው፤ ያን ሁሉ አሳልፎ፣ እምቢ እንደምለው እያወቀ፣ ለኔ የሚደውል እሱ ካልሆነ ማን ይሆናል? ዝም። "አቶ ዳንጊሶ የሉም?" ብዕሩን አነሳ። ጆሮዬ ውስጥ ያ የገመድ ድምፅ ጥዝዝ አለ። በዛው ቅጽበት ከውጭ ባጃጅ ሲቆም፣ የሰው እርምጃ ሲጎተት ተሰማና ከበሩ፣ ወፍራም፣ ቆጣ ያለ፤

"አቤት! አቤት! መጣሁ!"

ድምፁን አላመንኩም። ዞሬ ፊቱን አየሁት። ሽበታም፣ ላብ በላብ፣ እያነከሰ፣ በአይኑ እኔን እየፈለገ። አጠገቤ መጥቶ ሲቀመጥ እጄን አንስቼ ራሱ ላይ ጫን አደረግሁት። "ተው አንተ፣ ሰው ያየናል!" አለኝ በዛ እሱ ሹክሹክታ በሚለው ድምፁ፤ አዳራሹ ሁሉ ሰማው። እጄን ግን አላነሳልኝም።